የቱ ነው ሰማያዊው በር?

ሰኞ ማታ

ኮሪደር አማረው። አዘጋጃችንን ነው የምለው። ያቺን በሙቀትም በብርድም የማትወልቅ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ፣ «ረጅም ኮሪደር እፈልጋለሁ፤ ማለቂያ የሌለው» አለ።

መድረካችን ከፊት እስከ ኋላ ስምንት እርምጃ ነው፣ ያውም በኔ አጭር እግር። መጨረሻው ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፣ ከጨርቁ ኋላ የጡብ ግንብ አለ፣ ከግንቡ ኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ የሚውል ጎማ ጠጋኝ። «እና ማለቂያ የሌለውን የት ላድርግልህ? ጎማ ጠጋኙ ጋ?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አልባሳት ክፍል የምትሰፋው ታናሽ እህቴ እንኳን አፏ ውስጥ የያዘችው መርፌ እስኪረግፍ ሳቀች።

«እትዬ፣ እርስዎ በመብራት ይሠሩታል ብዬ ነው» አለ ሳይስቅ። «ካልሆነ ደግሞ ኮሪደር የሚሥልልኝ ሰው አላጣም።»

ካልሆነ! እሱ ጡት ሳይጥል እኔ እዚያ መድረክ ላይ ጨረቃ አውጥቻለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰውዬ አባትህ ሊሞት ነው ተብሎ ከስንት ዘመን በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የአባትየው ክፍል የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ሰውዬው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያወራል፣ ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ያወራል። አንጀት ይበላል ይላሉ። እኔ ሳነበው ሽንት ቤት የጠፋበት ሰው ነው የመሰለኝ።

ሰውዬውን የሚሠራው ሻለቃ ነው። ሻለቃ የምንለው በወታደር ቤት ደጃፍ አልፎ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የመኮንን ልብስ ለብሶ ስለተወነ ነው። አሁን ልብሱ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ሲለው አባትና ልጅ ተውኔት ውስጥ ገባ። ልጅ ሆኖ! አባትየውን ማን ሊሠራው ነው፣ ሬሳ?

ረቡዕ

ወጥቶልኛል። ራሴን ላመስግን እንጂ፣ ሌላ የሚያመሰግነኝ የለም።

ዘዴው ከባድ አይደለም። ቀይና ብርቱካናማ ብርሃን ወደ ሰው ይመጣል፣ ሰማያዊ ይሸሻል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ዓይን እንዲህ ነው የተሠራው። ከፊት ወለሉ ላይ ሰፊ ብርቱካናማ ጨረር እጥላለሁ፣ ቀጥሎ ጠበብ ያለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ጠበብና ቀዝቀዝ ያለ፣ እየጠበበ፣ እየቀዘቀዘ ጨርቁ ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። በግራና በቀኝ ደግሞ በብርሃን የተቆረጡ በሮች፣ እነሱም እየቀጠኑ ይሄዳሉ። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚያየው ስምንቱ እርምጃ መንገድ ያህል ይረዝማል።

ጫፉ ላይ ሁለት በሮች አሉ፣ ጨርቁ ላይ ጎን ለጎን። በግራ አረንጓዴው የእናትየው ነው። በቀኝ ሰማያዊው የአባትየው። ጨርቁን ሰማያዊው ላይ ብቻ እህቴ ቀድዳልኛለች፤ ሻለቃ በዚያ ሾልኮ ይወጣል። የተቀደደው ቦታ ከፊት ጭራሽ አይታወቅም፤ መብራቱን አምኖ መሄድ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ብቻ ነው፤ ከኋላው ጡብ።

አዘጋጁ ከዳር እስከ ዳር አየው። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለና ሻርፑን አስተካከለ። እሱ ሻርፑን ከነካ ደስ ብሎታል ማለት ነው።

የቀረኝ መንገድ መርገጥ ነው። ይቺ የቲያትር ቤታችን ሕግ ናት፤ መብራት የሠራ ሰው ተዋናዩ ሳይወጣ በፊት መንገዱን በመብራቱ ውስጥ ራሱ ረግጦ ማሳየት አለበት። እኔ ሳልደናቀፍ ከወጣሁ እሱም ይወጣል። ስንቱን ገደል፣ ስንቱን ደረጃ ረግጫለሁ! አሁን ግን ጉልበቴ ትንሽ አስቸግሮኛል። ሰሞኑን እረግጠዋለሁ።

ዓርብ፣ በችኮላ

ዘንድሮ የመጣው ከለር የረባ አይደለም። ከመብራቱ ፊት የምንሰካውን ባለቀለም ፕላስቲክ ነው ከለር የምንለው። ሰማያዊው ፈዛዛ ነው፣ ታይቶ አይጠገብም ሲባል የነበረው ሰማያዊ የት ሄደ? ሁለት ደርቤ ሰካሁ። ሻጩ ውኃ ጨምሮበት እንደሆነ እንጃ።

እሑድ

ልብስ አጠብኩ። ሳሙናውም እንደ ከለሩ ሆኗል። የባሌ ነጭ ሸሚዝ ሁለቴ ታጥቦ አሁንም ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። «ይሄ ሳሙና ምንድነው የገዛኸው?» ብዬ ተቆጣሁት። ሸሚዙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየውና «ነጭ ነው እኮ» አለ። ባሌ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ምላስ ያለው መንኮራኩር ያያል፣ ሚስቱ የተናደደች መሆኗን ግን አያይም።

መንገዳችን ላይ አዳዲስ መብራቶች ተክለዋል። ደስ ሲሉ! በያንዳንዱ ዙሪያ ቀለበት አለ፣ እንደ ቀስተ ደመና። ለባሌ ሳሳየው «የቱ አዲስ?» አለ። ብያለሁ እኮ፣ አያይም።

ማክሰኞ

አዘጋጁ ተነጫነጨ። «እትዬ፣ ሰማያዊው በዛ። ሰውዬው ቤቱ ሳይሆን ባሕር ውስጥ ነው የሚሄደው።» ሻለቃም ይሄን ሲሰማ እጁን እያወናጨፈ ዋና ጀመረ። ሆዱን ይዞ ሲዋኝ ማየት ነው እንግዲህ!

እኔ ካለሁበት ከመብራት ክፍሉ ግን ኮሪደሩ ጭቃ ነው የሚመስለው። እነሱ ቅርብ ስለተቀመጡ ነው። ከሩቅ የሚያይ እኔ ነኝ፣ የማውቀውም እኔ ነኝ። እሺ እሺ አልኩና ስሄድ ጨመርኩበት።

መድረኩ ጎን እህቴ ለሻለቃ ኮት ቁልፍ እየተከለች «ያንን ጥቁር ክር አቀብይኝ» አለችኝ። አቀበልኳት። ክሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ይሄ ሰማያዊ ነው» አለች።

«በጨለማ ውስጥ ሆነሽ ክር ትለያለሽ?»

«መብራት በርቷል እኮ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬም እንዲህ ነው የጀመራት» አለች።

«እማዬ የጀመራት አንቺን የወለደች ቀን ነው» አልኳት። ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

እማዬ ሌላ ነች። እማዬ አርጅታ ነበር። ደግሞ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብላ ነው። መስኮቱ ጋ ትቀመጥና በጠራራ ፀሐይ «መሸ እንዴ?» ትለን ነበር። ይሄን ደግሞ ምን ሊያደርግልኝ ጻፍኩት?

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ጉድ ሆነ! ሻለቃ ግንብ ገጨ። ማታ በደንብ እጽፈዋለሁ።

ሐሙስ ማታ

ሙሉ ልምምድ ነበር፣ ልብስ ተለብሶ፣ መብራት በርቶ። አዘጋጁ ስልክ ተደውሎለት ወደ በረንዳ ወጣ፤ ሌሎቹ ተዋናዮችም ገና ልብስ መቀየሪያ ነበሩ። ሻለቃ ኮሪደሩን ጀመረ። ዛሬስ እውነትም አምሮበታል፤ አንዴ እንዳለቅስ ሁሉ አድርጎኝ ነበር። «አባዬ፣ መጣሁ፤ ዘገየሁ ግን መጣሁ» አለና እጁን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ በሩን ገፍቶ ሊገባ ሄደ።

ገው! ግንቡ አስተጋባ። ወዲያ ማዶ ጎማ ጠጋኙ ሳይቀር መቀጥቀጡን አቆመ።

ዋናውን መብራት ቦግ አድርጌ ሮጥኩ። ሻለቃ በቂጡ ቁጭ ብሏል፣ አፍንጫው ይደማል፤ እህቴ ቀድማኝ ደርሳ የአባትየውን የሌሊት ልብስ አፍንጫው ላይ ይዛለች። ከዚያ ጨርቅ እኮ ደም በቀላሉ አይለቅም።

«ሰማያዊው ላይ ነው የሄድኩት!» ይላል። «ሰማያዊው ግራ ነበር!»

«ሰማያዊው ቀኝ ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀኝ ነው» አልኩት።

«በዓይኔ ነው ያየሁት፣ እመቤት!»

አዘጋጁ መጣ። ሻለቃን ወንበር ላይ አስቀምጠው ውኃ አጠጡት፣ እህቴም ወዲያ ወዲህ ተሯሯጠች፣ ከዚያ አዘጋጁ «መብራቱን እንደነበረው ያብሩልኝ» አለኝ። አበራሁ። ሁሉም አየ። ሰማያዊው በቀኝ፣ አረንጓዴው በግራ። ልክ እንደተባለው።

ሻለቃ ዓይኑን ጨረሩ ላይ ተክሎ ቀረ። ተዋናዮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷማ «አይ ሽማግሌው» ስትል ሰማኋት።

እኔም «ሻለቃ፣ በሕይወትህ ሙሉ ሰማያዊ ልብስ ለብሰህ ሰማያዊን ረሳኸው?» ብዬ አሳቅኋቸው። ሲስቁ ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። የሰው ሳቅ ሲሞቅ ያው ሰው ይጨምርበታል።

አሁን ልተኛ ስል ግን የሻለቃ ፊት መጣብኝ። ያን ያህል ባልቀለድኩበት ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ

ባሌ ሥራ ላይ ሳለ ሻይ ይዤለት ገባሁ። ዓይኑ ላይ የምትሰካዋን ማጉያ እንዳደረገ ቀና ብሎ አየኝ። «ነይ እስቲ» አለ።

«ሰዓት መሰልኩህ?»

«አዎ፣ አንድ ጥርሱ የላላ ሰዓት። ነይ፣ ወደ መስኮቱ ዙሪ።»

አገጬን ይዞ አንዱን ዓይኔን፣ ቀጥሎ ሌላውን ተመለከተ። ትንፋሹ ሽንኩርት ይሸታል። «እና? ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት። ማጉያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ቀስ አድርጎ፣ እንደ እንቁላል። «ምንም» አለ።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ተለወጠ። እራት ራሱ ጠበሰ። ሳህን አጠበ። ደረጃው ላይ እጄን ያዘኝ። የተጋባን ሰሞን እንኳን ያልያዘኝን! አንድ ነገር አበላሽቷል፣ ደርሼበት ጉዱን ሳላፈላ አልቀርም።

ሰኞ

እህቴ ከኔ አትለይም። መድረኩ ጎን ያሉት የሁለቱ በሮች መብራቶች ከእሷ የልብስ መስቀያ አጠገብ ናቸው፤ ማታ ያወጣሁትን ከለር ጠዋት መልሼ ሰክቼ ስጨርስ ሄዳ ትነካካቸዋለች። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ስላት «አቧራ» ትላለች። አልባሳት ክፍሉ አቧራ ውስጥ ጠፍቶ መብራቴን ትወለውላለች!

ወሬ ደግሞ ሰማሁ። አዘጋጁ ሻለቃን ሊያነሳው ነው። «ሰማያዊና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ነገ ቃሉን ይረሳብኛል፤ ከነገ ወዲያ ከመድረክ ይወድቅብኛል» አለ አሉ። አንድ የሬዲዮ ድምፃም ወጣት ታጭቷል። መክፈቻው ቅዳሜ ነው።

ምን አገባኝ፤ እኔ መብራት ነኝ።

አዘጋጁ እግረ መንገዱን «እትዬ፣ መንገዱን መቼ ነው የሚረግጡልን?» አለኝ። ጉልበቴን ያዝ አደረግሁ። ጉልበቴ ግን ደህና ነው፤ ትናንት ገበያ ለገበያ ስዞር ነው የዋልኩት።

ማክሰኞ

ሻለቃ መብራት ክፍል መጣ። በሩ ጠባብ ነው፣ በጎኑ ገባ። አፍንጫው እንደ ቲማቲም ሆኗል። ሊጣላኝ ነው ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅሁት፤ እሱ ግን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ባርኔጣውን ያዟዙር ጀመር።

«እመቤት፣ ዓይን ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር» አለ።

«እና?»

«ዓይንህ የጎልማሳ ነው አለኝ።» ባርኔጣውን አዟዟረ። «እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው።»

«ኧረ ተው!»

«ስሚኝማ። ያየሁትን አውቃለሁ። ግራ ነበር። አሁንም ይታየኛል። ግን ሁላችሁም ቀኝ ነው አላችሁ፣ ሲበራም ቀኝ ሆነ። ያልነበረ ነገር ያየሁ እንደሆነ ምን ማለት ነው? ትናንት ማታ ተነሥቼ የቤቴን በሮች ቆጠርኩ። ሚስቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ምን እላታለሁ?»

ይሄ ሁልጊዜ ሲያሾፍ የማውቀው ሰው ነው። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አይቼው አላውቅም፣ ተውኔት ላይ ካልሆነ። ተውኔት ላይ ሲሆን ደግሞ ያጋንናል፤ አሁን ሊደብቀው ነበር የሚታገለው።

«ሥራውን ቢወስዱብኝ ምንም አይደል» አለ። ውሸቱን ነው። «ግን አንዴ ሳልሳሳት ልሂድበት። ነገ አንቺ መንገዱን ርገጪልኝና ከኋላሽ ልከተልሽ። ከኋላሽ ሆኜ ካልሳትኩ ጭንቅላቴ ደህና ነው። ከሳትኩም ልወቀው።»

እሺ አልኩት። ምን እላለሁ ሌላ?

ሲወጣ በሩ ላይ ሆዱ ተያዘበት፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

ረቡዕ ጠዋት፣ በችኮላ

እረግጠዋለሁ። ስምንት እርምጃ ነው። ስምንት እርምጃ ምን አለው?

ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አጥልቄዋለሁ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው።

ረቡዕ ማታ

ባሌ ጎኔ ተቀምጦ ሰዓት የሚጠግን ይመስላል፤ እያየኝ ነው። እየጻፍኩ ነው አልኩት።

ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አዘጋጁ ራሱ መብራቱን እንዲይዝ አደረግሁና መድረክ ላይ ወጣሁ። ሻለቃ ከኋላዬ። ብርቱካናማው ላይ ቆምኩ፣ ሞቅ አለኝ፣ ፊቴ ላይ ይታወቀኛል። ሄድኩ። ቢጫው መጣ። ሄድኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ኮሪደሬን አየሁ።

ኮሪደር የለም።

ጭቃ የተለቀለቀ ጨርቅ ነው ያለው። በሮቹ ጥላ ናቸው። ጫፉ ላይ ሁለት ሰሌን የሚያካክሉ ደብዛዛ ነገሮች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ እንደ ቆየ ሻይ። እንዲያው አንዱ ይበልጣል ብዬ አፈጠጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩ። የቱ ነው ሰማያዊው? ይሄን ሁሉ ሰው ያስጨነቀው፣ «ባሕር ነው» ያስባለው ሰማያዊ የታለ?

የሻለቃ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። እኔን አምኖ ነው የሚከተለኝ።

ያኔ እህቴ ከጨርቁ ኋላ ስትጮህ ሰማኋት፦ «ምን ትጎተቺያለሽ? ነይ እንጂ ነይ! እዚህ ቆሜ እግሬ ዛለ! አንቺ ሴትዮ ዛሬ ልትደርሺ ነው ወይስ ዓመት ሊሞላ ነው?» የታናሽ አፍ እንዲህ አይናገርም ነበር፤ ድምፅዋን ግን ገመድ አድርጌ ያዝኩት። ተከትዬው ሄድኩ፣ እጄ ጨርቁን ነካ፣ ተከፈለልኝ፣ ወጣሁ። ሻለቃም ተከትሎኝ ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሻለቃ ጉንጬን ሳመኝና «ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» እያለ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደ፣ ልጅ ሆኖ።

እኔና እህቴ በግንቡና በጨርቁ መሃል ቀረን።

«የቱ ነበር?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሰማያዊው። የቱ ጋ ነበር?»

ክሯን ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። «ዛሬ ቀኝ ነው» አለች።

«ዛሬ?»

«ጠዋት በግራ ሰክተሽው ነበር። ቀየርኩት።» እያለቀሰች ነው የምትናገረው፣ ግን እንደ ተቆጣ ሰው። «ትናንትም ቀየርኩት። ሻለቃ የገጨ ዕለትም ሰማያዊው በግራ ነበር፤ ሰዎች ውኃ ሲያጠጡት እኔ ከለሩን አቀያየርኩ። ምን ላድርግ? እህቴ ዓይኗ ጠፋ ብዬ ለዚያ ለሻርፓሙ ልንገረው? መስኮት ጋ ልትቀመጪልኝ?»

አቧራ! አቧራ ትለኝ የነበረው ይሄ ነው። ባሌም እራት የጠበሰልኝ ለዚህ ነው። ሁለቱም አውቀዋል፣ ሞኟ እኔ ነኝ።

ሞኝ ከመሆን ግን የባሰውን አደረግሁ። አንድ ሰው የቤቱን በሮች እየቆጠረ ነው ያደረው፤ እኔ በእሱ አስቄበታለሁ።

ፊቴን በቀሚሴ ጠርጌ ወደ መድረኩ ወጣሁ። ሰዎቹ ገና አልተነሡም፤ ሻለቃም ሸሚዙን አንድ እጅ ብቻ አጥልቆ ከጎን ብቅ ብሏል። «አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «ሻለቃ ጭንቅላቱ ደህና ነው። ባዶ ነው እንጂ ደህና ነው። ያን ዕለት ሰማያዊው እውነትም በግራ ነበር። እኔ ነኝ አሳስቼ የሰካሁት። ሰማያዊ አይታየኝም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። አሁን እንኳን መንገዱን የረገጥኩት በእህቴ ስድብ ነው።»

ጎማ ጠጋኙ ብቻ ይቀጠቅጣል።

ሻለቃ በአንድ እጁ ሸሚዝ ወደ እኔ መጣ። ቆመ። በጣም የሚገባኝን ነገር ይናገረኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እመቤት» አለ፣ «እንግዲያው ያን ሁሉ ባሕር ያጠጣሽን ለዚህ ነዋ!» ከዚያ አቀፈኝ። ሆዱ መሃላችን ሆኖ በደንብ አልያዘኝም።

አዘጋጁ ሻርፑን አልነካም። «እና ቅዳሜን ማን ይሠራዋል?» አለ። ወይ የኔ ልጅ፣ እሱም ጨንቆታል።

ዓርብ

እየሠራን ነው፣ እንዲህ፦ እህቴ ከአልባሳት ክፍል ያንን ሰማያዊ ክር ይዛ መጣች፣ ከነጠቀለሉ። መድረክ ላይ ቆማ ክሩን ጨርቁ ላይ ካለው ብርሃን ጋር ታስተያያለች፣ እኔ የመብራቱን እጀታ ዝቅ አደርጋለሁ። «ቀንሺ። ቀንሺ። አሁንም ቀንሺ። እንዴ፣ ስንት ነበር ያደረግሽው? ቀንሺ!» ክሩ እንደ ብርሃኑ ሲሆን «በቃ» ትላለች። ክሩ ለኔ አመድ ነው። እሷን አምኜ አቆማለሁ። ታናሽን ማመን እንዴት ይመራል!

አዘጋጁ ከኋላ ሆኖ አየና «ኮሪደር ሆነ» አለ። ሻርፑን ነካ።

አረንጓዴው በር ኋላ ግንቡ ላይ ሻለቃ ትራስ አስቸንክሯል። «ለሁሉም ይሁን» ይላል።

ቅዳሜ

ተከፈተ። ሻለቃ ሰማያዊው በር ጋ ደርሶ ከመግባቱ በፊት ቆመ። ልምምድ ላይ እንዲህ አላደረገም። ቆየ፣ ቆየ። እህቴ ጎኔ ተቀምጣ እጄን ጨመቀችኝ፣ እኔ ደግሞ እጀታውን። ከዚያ እጁን ሳይዘረጋ፣ ደረቱን ሳይነፋ፣ ፈራ ተባ እያለ እንደ ልጅ ገባ። አዳራሹ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ነበር። ባሌ ነው። ተውኔት አይወድም፤ ሁልጊዜ ያንኮራፋ ነበር።

ሰኞ

ሐኪም ዘንድ። ዶክተሯ ልጄ ትሆናለች፣ ጥፍሯን ቀብታለች፣ ቀለሙን አልለየሁትም። «የዓይን ሞራ ነው እማማ፣ በሁለቱም» አለች። ከሁሉም በፊት ሰማያዊን እንደሚሸፍን፣ መብራት ላይም ቀለበት እንደሚያሳይ ነገረችኝ። አዳዲሶቹ የመንገድ መብራቶቼ!

«ዓይኔ ይጠፋል?» አልኳት። የጠየቅሁበት ድምፅ የኔ አይመስልም።

«የአንዱን ሞራ በዚህ ሳምንት እናወጣለን፤ የሁለተኛውን ከዚያ በኋላ» አለች፣ እንደ ጥርስ። ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ እማዬ ምን ነክቷት አልሄድም አለች? እኔስ ምን ነክቶኝ? ፈርተን ነው። ሌላ ምን ይሆናል።

ሐሙስ

ፋሻው ተፈታ። መጀመሪያ ያየሁት የባሌን ሸሚዝ ነው። ነጭ! ዓይን የሚወጋ ነጭ! ሳሙናውን ይቅርታ ጠየቅሁት። ባሌን አልጠየቅሁትም፤ ይለምድበታል።

ቤት ስገባ ደግሞ መስታወት አየሁ። ይሄ ሁሉ ሽብሽብ የማን ነው? ሞራው አንዳንድ ነገር ደብቆልኝ ነበር ለካ። ምድጃው ጀርባ ያለውን እድፍማ አልጽፈውም።

እሑድ

ዛሬ ቀድሜ ሄድኩና አዘጋጁን ኮሪደሩን አብራልኝ አልኩት። መንገዱን እንደ ሕጉ ልረግጠው።

ብርቱካናማው፣ ቢጫው፣ ቀዝቃዛው። ቀና አልኩ። ወይ ጉድ! በስምንት እርምጃ ውስጥ አንድ ሙሉ ቤት ተዘርግቷል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ በር፣ እንዲህ የጠራ ሰማያዊ። እኔ ነኝ ይሄን የሠራሁት? ሳላየው?

ያልዳነውን ዓይኔን ብቻ ትቼ ሌላውን በእጄ ሸፈንኩ። ጭቃ። ሁለት ቆዳ የመሰሉ ጥላዎች። እማዬ መስኮቷ ጋ ተቀምጣ የምታየው ይሄንን ነበር። መሸ እንዴ ትል ነበር፤ እኛም «አልመሸም» እያልን በየሥራችን እንሄድ ነበር። ማንም አጠገቧ ቆሞ የሰደባት የለም።

እጄን አነሣሁ። ሰማያዊ። ሸፈንኩ። ጭቃ። አነሣሁ።

«እመቤት!» አለ ሻለቃ ከጎን፣ ሱሪውን ይዞ። «የቱ ነው ሰማያዊው በር? ካወቅሽው ግቢበት፣ ካላወቅሽው ልለፍ፤ ሽንቴ መጥቷል!»

«ነግሬያችሁ ነበር» አልኩ ወደ አዘጋጁ ዞሬ፣ «ይሄ ተውኔት ስለ ሽንት ቤት ነው።»

በቀኙ ገባሁ፤ ጨርቁ ተከፈለልኝ። ከኋላው ያው ግንቡ ነው፣ ከግንቡ ወዲያ ያው ቅጥቀጣ። ማለቂያ የሌለው ኮሪደር የሚያልቀው ጎማ ጠጋኙ ጋ ነው፤ እኔ መጀመሪያውኑ ተናግሬ ነበር።